ሊኑክስን ከጫኑ በኋላ ምስሉ ቢደበዝዝ ምን ይደረጋል

በዚህ በቤተ ሰብ ገጽ ላይ ስለ ልጆች አስተዳደግ፥ ስለ ጓዳ አያያዝ፥ ስለ ሽማግሌዎች ጤና በየጊዜው ስንነጋገር ቆይተናል። ዛሬ የማነሣው ነገር የኮምፒዩተር ነገር ስለ ሆነ፥ ይህ የባለሙያ ጉዳይ ነው እንጂ ከቤተ ሰብ ገጽ ጋራ ምን አገናኘው የሚል አንባቢ አይጠፋም። ዳሩ ግን በ2018 ዓ.ም. በጥቅምትና በኅዳር ወር በቤቴ የደረሰውን ስነግራችሁ፥ የአንድ ስክሪን መደብዘዝ አሮጊት እናትን ለማስለቀስና አባትን ከልጁ ለማቀያየም የሚበቃ መሆኑን ትረዱታላችሁና፥ በትዕግሥት እንድታነቡልኝ እለምናለሁ።

በቤታችን ያለው ኮምፒዩተር ከተገዛ ብዙ ዓመት የሆነው ነው፤ ነገር ግን ጤነኛ ነበር። በውስጡ ይሠራ የነበረው ዊንዶውስ 10 ግን ዘመኑ አለቀ። ማይክሮሶፍት የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ለዚህ ለዊንዶውስ 10 ይሰጠው የነበረውን የተለመደ እድሳትና ጥበቃ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም.፥ ይኸውም በፈረንጅ አቆጣጠር ኦክቶበር 14 ቀን 2025፥ አቆመ። ተተኪው ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የጥበቃ ክፍልና ከአዲሶቹ ወገን የሆነ ፕሮሰሰር የሚጠይቅ ስለ ሆነ፥ የእኛ አሮጌ ዕቃ ለዚያ የሚበቃ አልነበረም። ስለዚህ ወይ አሮጌውን ጥሎ አዲስ መግዛት፥ ወይም ሊኑክስን መጫን ሆነ።

ሊኑክስ ማለት ኮምፒዩተርን የሚያስተዳድር ሥርዓት ሲሆን፥ በ1991 እ.ኤ.አ. ሊኑስ ቶርቫልድስ የሚባል ፊንላንዳዊ ተማሪ በሄልሲንኪ ከተማ የጀመረው፥ ኋላም በዓለም ዙሪያ ያሉ ሰዎች እየተባበሩ ያሳደጉት ነው። ዋጋ አይጠየቅበትም። የሚታደለውም በልዩ ልዩ ስም ነው፤ ኡቡንቱ የሚባለው በ2004 እ.ኤ.አ. ማርክ ሻትልወርዝ በተባለ የደቡብ አፍሪካ ተወላጅ የተመሠረተ ነው፤ ሊኑክስ ሚንት የሚባለው በ2006 እ.ኤ.አ. ተጀምሮ ከኡቡንቱ ላይ የተሠራ ነው። ዊንዶውስን ለለመደ ሰው ሚንት ይቀላል ስለ ተባለ እኛ ይህንኑ መረጥን።

የጫነችው ልጄ ናት። ዐሥራ ሰባት ዓመቷ ነው፤ እንዲህ ያለውን ነገር ከእኔ ይልቅ ታውቃለች። አስቀድማ የእኔን ወረቀትና የቤተ ሰቡን ፎቶግራፍ ሁሉ ወደ ሌላ ዕቃ ገለበጠች፤ ከዚያም ሚንትን በፍላሽ አድርጋ ሰኞ ዕለት ጫነችው። እኔ ደግሞ በዚያው ሳምንት፥ ረቡዕ ዕለት፥ ኮምፒዩተሩን ከእልፍኝ አንሥቼ ወደ እናቴ ክፍል አዛወርሁት። እናቴ ከመስኮቱ አጠገብ ተቀምጠው እንዲያነቡ ስክሪኑን ከጠረጴዛቸው ላይ፥ ሳጥኑን ግን ራቅ አድርጌ ከማዕዘን አኖርሁ። ነባሩ ገመድ አጭር ሆነብኝና ከገበያ ረጅም ገመድ ገዝቼ ቀጠልሁበት፤ ምስሉም ወዲያው መጣ። ደስ ብሎኝ ወደ ሥራዬ ሄድሁ።

እናቴ ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው። አባታቸው ቄስ ስለ ነበሩ በልጅነታቸው ፊደል ቆጥረው ዳዊት ደግመዋል፤ ይህም በእርሳቸው ጊዜ ለሴት ልጅ የተለመደ አልነበረም። ዛሬ ዓይናቸው ስለ ደከመ የብራናውን መጽሐፍ ማንበብ ያቅታቸዋልና፥ በስክሪኑ ላይ ፊደሉን አተልቀን እየከፈትንላቸው ማለዳ ማለዳ የዕለቱን ይደግማሉ። ከረቡዕ በኋላ ግን መድገሙን ተዉት። ብንጠይቃቸው ብርድ ነው አሉ፤ ሌላ ቀን ደግሞ እንቅልፍ አጣሁ አሉ። እንዲህ ሲሉ ዐሥር ቀን ካለፈ በኋላ አንድ ምሽት ብቻዬን ጠርተው፥ «ልጄ፥ ዓይኔ ሊጠፋ ነው መሰለኝ። ሉና ሊ አንድ ሆኑብኝ፤ የሌም ቀለበቱ ጠፋብኝ። የብራናውን ዳዊት ለደብሩ ስጥልኝ፥ ከእንግዲህ ለእኔ ምን ይሠራልኛል» ብለው አለቀሱ።

እኔም ወደ ስክሪኑ ሄጄ ባየው፥ በእውነት ፊደሉ ሁሉ ወደ ጎን ሰፍቶ፥ ጠርዙም እንደ ራሰ ወረቀት ቀለም ተሰራጭቶ አገኘሁት። ያን ጊዜ ያደረግሁትን መጻፍ ያሳፍረኛል፤ ነገር ግን ሳልጽፈው ባልፍ ነገሩ አይገባችሁም። ሁለት ዘመዶቻችን እራት ሊበሉ መጥተው ነበር፤ በእነርሱ ፊት ልጄን ጠርቼ፥ «ደኅናውን ዕቃ አበላሽተሽ የአያትሽን ዓይን ልታጠፊ ነው» አልኋት። ልጂቱም፥ «አባባ፥ እኔ ስጭነው ደኅና ነበረ» ብላ ልትነግረኝ ጀመረች፤ አላስጨረስኋትም። በማግሥቱ አንድ ጠጋኝ አምጥቼ ባሳየው፥ ግራፊክስ ካርዱ ተቃጥሏል፥ ስክሪኑም አርጅቷል፥ ሁለቱንም ይለውጡ አለኝ። ገንዘቡን ቆጥሬ ልሰጥ ጥቂት ቀርቶኝ ነበር።

ከዚህ ላይ ወሬውን ጥቂት አቁሜ፥ ምስል እንዴት እንደሚሠራ ልንገራችሁ፤ ይህን ያላወቀ ሰው እንደ እኔ ንጹሑን ይወቅሳልና።

የዛሬ ስክሪን ፒክስል ከሚባሉ ጥቃቅን የብርሃን ነጥቦች የተሠራ ነው። የነጥቦቹ ብዛት ስክሪኑ ከፋብሪካ ሲወጣ ተወስኖ ያለቀ ነው፤ አይጨምርም አይቀንስም። የእናቴ ስክሪን ወደ ጎን 1920፥ ወደ ታች 1080 ነጥብ አለው፤ ቢባዛ 2,073,600 ይሆናል። ኮምፒዩተሩ በዚሁ ልክ ምስል የላከ እንደ ሆነ፥ እያንዳንዱ ነጥብ የራሱን ድርሻ አግኝቶ ፊደሉ እንደ ተቀረጸ ማኅተም ጥርት ይላል። ኮምፒዩተሩ ግን 1024 በ768 ብቻ ቢልክ፥ ይህ 786,432 ነጥብ ስለ ሆነ ከግማሽ ያንሳል፤ ስክሪኑም ያነሰውን ምስል ጎትቶ ትልቁን ስፍራ ሊሞላ ይገደዳል። አንዱ ነጥብ ለሁለት ሲካፈል ጠርዙ ይደበዝዛል። ደግሞም የሁለቱ ምስሎች ወርድና ቁመት ልክ አንድ ስላልሆነ፥ የተጎተተው ፊደል ይወፍራል። የላቲን ፊደል የሚያነብ ሰው ይህን ታግሦ ሊያልፈው ይችላል፤ የእኛ ፊደል ግን ቡን ከቢ፥ ሉን ከሊ የሚለየው በወገቡ ወይም በእግሩ ላይ ባለች አንዲት ትንሽ ቅጥያ ስለ ሆነ፥ እርሷ ከደበዘዘች ንባቡ ይጠፋል።

ታዲያ ኮምፒዩተሩ የስክሪኑን ልክ በምን ያውቃል? ስክሪኑ ራሱ ይነግረዋል። ቬሳ የተባለው የስክሪንና የምስል ዕቃ ሠሪዎች ማኅበር በ1994 እ.ኤ.አ. ባወጣው ደንብ መሠረት፥ ስክሪን ሁሉ ኢዲአይዲ የሚባል መታወቂያ በሆዱ ይዞ ይኖራል። ዋናው ክፍሉ 128 ባይት ብቻ ነው፤ በዚያች በጠባብ ስፍራ ግን የሠሪው ምልክት፥ የተሠራበት ዓመት፥ የስክሪኑ ወርድና ቁመት፥ ከሁሉም ይልቅ የሚስማማው የነጥብ ብዛት ተጽፎባታል። የመጨረሻዋ ቁጥር ደግሞ መቆጣጠሪያ ናት፤ 128ቱ ቁጥሮች ተደምረው ለ256 ያለ ትርፍ ካልተካፈሉ፥ ሰነዱ ተበላሽቷል ማለት ነው። እኔ በጽሕፈት ሥራ ስኖር ማኅተሙን ራሱ የሚመሰክር እንዲህ ያለ አጭር ሰነድ አላየሁም።

ኮምፒዩተሩ ይህን መታወቂያ ካላገኘ ወይም ማንበብ ካልቻለ፥ ማንኛውም ስክሪን ሊያሳየው የሚችለውን አነስተኛ ልክ ይመርጣል፤ አብዛኛውን ጊዜ 1024 በ768 ወይም 800 በ600 ነው። ስለዚህ ምስሉ ሲደበዝዝ መጠየቅ የሚገባን «ምን ተቃጠለ» ብለን ሳይሆን፥ «ስክሪኑና ኮምፒዩተሩ የተሰማሙት የት ላይ ተቋረጠ» ብለን ነው። የሚቋረጥባቸውም ስፍራዎች ብዙ አይደሉም።

ከሁሉ በፊት የሊኑክሱን ሴቲንግ ከፍቶ «ዲስፕሌይ» የሚለውን ማየት ነው። በዚያ ከተዘረዘሩት ልኮች መካከል የስክሪኑ እውነተኛ ልክ ካለ እርሱን መርጦ ማጽናት ነው፤ ሌላ ድካም የለም። ብዙ ሰው ይህን ሳያይ ወደ ጠጋኝ ይሮጣል። የመረጡት ልክ ለስክሪኑ የማይስማማ ሆኖ ቢጨልምም አትደንግጡ፤ ጥቂት ሰኮንድ ጠብቆ «አጽና» ያላለው ሰው ከሌለ ራሱ ወደ ቀድሞው ይመለሳል።

ከዝርዝሩ ውስጥ እውነተኛው ልክ ከሌለ ግን ምርመራ ይጀመራል። አንድ ዳኛ ወዳጄ በላፕቶፑ ላይ ሊኑክስን ሲጭን መጀመሪያ ስክሪኑ ጥቁር ሆነበት። ስለዚህ ከመነሻው ዝርዝር ላይ በሚንት «ኮምፓቲቢሊቲ ሞድ»፥ በኡቡንቱ «ሴፍ ግራፊክስ» የሚባለውን መንገድ መረጠ፤ መጫኑም በሰላም አለቀ። ነገር ግን ከዚያ በኋላ ምስሉ ትልቅና ደብዛዛ ሆነ፥ ፊልም ይንቀራፈፍ ጀመር፥ የብርሃኑን መጠን ከፍና ዝቅ ማድረግም እንቢ አለው። ምክንያቱ ያ መንገድ «ኖሞድሴት» የምትባል አንዲት ቃል ለሊኑክስ መነሻ ትእዛዝ ስለሚጨምር ነው። ትርጓሜዋም የስክሪኑን ልክ የማስተካከሉን ሥራ አንተ ተው ማለት ነው። ለመጫኛው ጊዜ መልካም መድኃኒት ናት፤ ዳሩ ግን አንዳንድ ጊዜ ከተጫነም በኋላ ሳትወጣ ትቀራለች። ያን ጊዜ ግራፊክስ ካርዱ ሥራ ፈትቶ ይቀመጣል፤ ምስሉን የሚሥለው ዋናው ፕሮሰሰር ይሆናል። ምልክቱም የኮምፒዩተሩ መግለጫ ሲነበብ፥ ግራፊክስ በሚለው ረድፍ የካርዱ ስም በሚገኝበት ስፍራ «ኤልኤልቪኤምፓይፕ» የሚል መገኘቱ ነው።

መፍትሔው ቀላል ነው። «ኢቲሲ» በሚባለው ማኅደር ውስጥ፥ «ዲፎልት» ከሚባለው ክፍል፥ «ግሩብ» የተባለው ፋይል አለ፤ በእርሱ ውስጥ «ኳየት ስፕላሽ» ከሚሉት ቃላት አጠገብ ያለችውን «ኖሞድሴት» ደምስሶ ማስቀመጥ፥ ከዚያም «አፕዴት ግሩብ» የሚለውን ትእዛዝ በባለ ሥልጣን ፈቃድ፥ ማለት በ«ሱዶ»፥ አስፈጽሞ ኮምፒዩተሩን አጥፍቶ ማስነሣት ነው። ወዳጄ ይህን ባደረገ ጊዜ ምስሉ ጠራለት።

ካርዱ ከኢንቴል ወይም ከኤኤምዲ ወገን ከሆነ ድራይቨሩ ከሊኑክስ ጋራ አብሮ ይመጣልና ፈልጎ መጫን አብዛኛውን ጊዜ አያሻም። የኤንቪዲያ ካርድ ከሆነ ግን ኑቮ የሚባለው በፈቃደኞች የተጻፈ ድራይቨር ይቀድማል፤ እርሱ ካልበቃ ከ«ድራይቨር ማኔጀር» የኩባንያውን ድራይቨር መምረጥ ይቻላል። (ሊኑስ ቶርቫልድስ በ2012 እ.ኤ.አ. በፊንላንድ በአልቶ ዩኒቨርሲቲ ስለዚህ ኩባንያ ተጠይቆ በጣቱ ያሳየው ምልክትና የተናገረው ቃል በጨዋ ጋዜጣ የሚጻፍ አይደለም፤ ኩባንያው ግን በ2022 እ.ኤ.አ. የድራይቨሩን አንድ ክፍል ለሕዝብ ግልጽ አድርጓል።) ከዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሰናከልበት ነገር አለ። «ሴኪዩር ቡት» የሚባለው ጥበቃ ያልተቀደ ካልተፈረመበት በቀር የውጭ ድራይቨርን አያስገባም። ስለዚህ ድራይቨሩ ሲጫን የይለፍ ቃል እንድትሰጡ ትጠየቃላችሁ፤ ኮምፒዩተሩም ሲነሣ ሰማያዊ ገጽ ያቀርብላችኋል። በዚያ ገጽ «ኢንሮል ሞክ» የሚለውን መርጣችሁ ያንኑ የይለፍ ቃል ካልጻፋችሁ፥ ገጹ ጥቂት ሰኮንድ ቆይቶ ያልፋል፤ ድራይቨሩም ተጭኖ ሳለ ሳይሠራ ይቀራል። ገጹን የቫይረስ ነገር መስሎት ቶሎ የሚያልፈው ሰው ጥቂት አይደለም።

አሁን ወደ ቤቴ ልመለስ። ጠጋኙ በሄደ ማታ ልጄ አንድ ወረቀት ይዛ ገባችና ሳትናገር ከጠረጴዛዬ ላይ አኖረችው። ሊኑክስን ስትጭን ያደረገችውን ሁሉ ቀንና ሰዓት እየጠቀሰች የጻፈችበት ነበር። ሰኞ ተጫነ፤ ልኩ 1920 በ1080 ነው ይላል። ማክሰኞ እድሳቱ ገባ፤ ልኩ ያው ነው ይላል። ረቡዕ ጧት በኮምፒዩተሩ የትምህርት ቤቷን ሥራ ሠርታ ዘጋችው። ከዚያ ወዲያ ያለው ሐሙስ ነው፤ ልኩ 1024 በ768 ብቻ ሆነ ይላል። ረቡዕ ከቀትር በኋላ ዕቃውን የነካው ማን እንደ ሆነ አልጻፈችም፤ መጻፍም አላስፈለጋትም።

ሃያ ዓመት ሙሉ የሰውን ክርክር በመዝገብ ስጽፍ የኖርሁ ሰው ነኝ። ሁለት ነገር በአንድ ሳምንት ቢደረግ ጥፋቱን ለአንደኛው ብቻ መስጠት እንደማይገባ ለሌላው ሰው ስጽፍ አውቀዋለሁ። በገዛ ቤቴ ግን ሊኑክስ አዲስና የማይታወቅ ስለ ሆነ እርሱን ከሰስሁ፤ ገመዱ ገመድ ስለ ሆነ አልተጠረጠረም።

ልጄም፥ «አባባ፥ ይመልከቱ» ብላ ተርሚናል የሚባለውን የትእዛዝ መስኮት ከፈተችና በላቲን ፊደል ኤክስ፥ አር፥ ኤ፥ ኤን፥ ዲ፥ አር የሚሉትን ስድስት ሆሄያት አያይዛ ጻፈች። ይህ «ኤክስራንድአር» የሚባል ትእዛዝ ሲሆን፥ የተገናኙትን ስክሪኖችና የሚችሉትን ልክ ሁሉ ይዘረዝራል። አሁን የሚሠራበት ልክ በኮከብ፥ ስክሪኑ ራሱ የሚመርጠው ልክ በመደመር ምልክት ይታወቃል። በእኛ ዝርዝር ላይ የመደመር ምልክት አልነበረም። የነበሩት 1024 በ768፥ 800 በ600፥ 848 በ480 እና 640 በ480 ብቻ ናቸው። ከስክሪኑ ስም ፊት ለፊት ደግሞ ወርዱና ቁመቱ በሚጻፍበት ስፍራ «0 ሚሊ ሜትር በ0 ሚሊ ሜትር» ይላል። ስክሪኑ ከፊታችን ቆሞ እያየነው ወርድም ቁመትም የለውም ተብሎ ተመዝግቧል። ይህ መታወቂያው እንዳልደረሰ የሚያስረዳ ምልክት ነው።

እንዴት ምስሉ ደርሶ መታወቂያው ሳይደርስ ይቀራል ብትሉ፥ ነገሩ እንዲህ ነው። የእኛ ገመድ በ1987 እ.ኤ.አ. አይቢኤም ያወጣው የቪጂኤ ዓይነት ነው፤ ከጫፉ ላይ ዐሥራ አምስት መርፌ አለው። ቀዩ፥ አረንጓዴውና ሰማያዊው ቀለም በ1ኛው፥ በ2ኛውና በ3ኛው መርፌ ይሄዳል። መታወቂያው ግን የሚሄደው በ12ኛውና በ15ኛው ነው። ርካሽ ገመድ የሚሠሩ ሰዎች አንዳንድ ጊዜ ለመዳብ ሲሳሱ እነዚህን ሁለቱን ውስጥ ለውስጥ ሳያገናኙ ይተዋሉ፤ ምስሉ ስለሚመጣ ገዢው አይጠረጥርም። እኔም አልጠረጠርሁም።

በመብራት ሆነን ጠረጴዛውን ወደ ሳጥኑ አስጠጋነው፤ ረጅሙን ገመድ ነቅለን አጭሩን ሰካን፤ ኮምፒዩተሩንም አጥፍተን አስነሣነው። ልጄ ትእዛዙን ደግማ ብትጽፍ፥ «477 ሚሊ ሜትር በ268 ሚሊ ሜትር» የሚል መጣ፤ 1920 በ1080 ከፊቱ ኮከብም የመደመር ምልክትም ይዞ ቆመ። ሌላ ምንም አላደረግንም።

ገመድ ለመለወጥ የማይችል ሰው፥ ለምሳሌ ስክሪኑ ከሩቅ ግድግዳ ላይ የተሰቀለበት እንደ ሆነ፥ ልኩን በእጁ ለኮምፒዩተሩ ሊነግረው ይችላል። በመጀመሪያ «ሲቪቲ» የሚለውን ትእዛዝ ጽፎ ከፊቱ 1920 1080 60 ቢያደርግ፥ ከ173.00 የሚጀምር የቁጥር ረድፍ ይሰጠዋል። ይህን ረድፍ ቁጥር ሳያጓድል በኤክስራንድአር «ኒውሞድ» አስመዝግቦ፥ በ«አድሞድ» ለስክሪኑ ሰጥቶ፥ በ«አውትፑት» ያሠራዋል። ይህ ግን ኮምፒዩተሩ ሲጠፋ ይረሳል፤ እንዲጸና ከተፈለገ ትእዛዞቹን በመግቢያ ጊዜ በሚነበብ ፋይል ውስጥ መጻፍ ነው። ደግሞም ይህ የሚሆነው በ1984 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ በኤምአይቲ በተጀመረው በአሮጌው «ኤክስ» ሥርዓት ላይ ነው። በ2008 እ.ኤ.አ. በተጀመረው በ«ዌይላንድ» ለሚሠሩ ይህ መንገድ ዝግ ስለ ሆነ፥ ልኩን በግሩብ ፋይል ውስጥ «ቪዲዮ» በሚል ቃል መስጠት ያሻል። ስክሪኑ የማይችለውን ልክ አስገድዶ መስጠት አይገባም፤ የዛሬዎቹ «ከወሰን ውጭ» ብለው ይጨልማሉ እንጂ ብዙ ጉዳት አይደርስባቸውም፥ የድሮዎቹ ባለ ትልቅ ሆድ ስክሪኖች ግን ሊጎዱ ይችሉ ነበር። ጨልሞ ቢቀርባችሁ ኮንትሮል፥ አልትና ኤፍ 3 የሚሉትን በአንድነት ብትጫኑ የጽሕፈት ገጽ ይከፈትላችኋል፤ ከዚያ ሆኖ ያጠፉትን ማቃናት ይቻላል።

ሁለት ነገር ደግሞ በአጭሩ። በስክሪን ፈንታ ቴሌቪዥን የሚጠቀሙ ቤቶች የምስሉ ዳርና ዳር ተቆርጦ ሊያዩ ይችላሉ፤ ይህ የሊኑክስ ጥፋት አይደለም፥ ቴሌቪዥኑ ምስሉን እንደ ልማዱ ስላሰፋው ነው። ከራሱ ከቴሌቪዥኑ ሴቲንግ «ጀስት ስካን» ወይም «ስክሪን ፊት» የሚለውን ፈልጎ መምረጥ ነው። ሁለተኛው የዚህ ተቃራኒ ነው። ባለ 3840 በ2160 ስክሪን የገዛ ሰው ፊደሉ እንደ ሰናፍጭ ቅንጣት አንሶ ያገኘዋልና፥ ፊደሉ እንዲያድግለት የነጥቡን ልክ ዝቅ ያደርጋል። ይህ ስሕተት ነው። በብዙ ገንዘብ የገዛውን ጥራት ራሱ ያጠፋዋል። ልኩን ሳይነካ «ስኬል» የሚለውን 200 በመቶ ቢያደርገው፥ ፊደሉ ያድጋል፥ ጠርዙም እንደ ጠራ ይኖራል። በተለይ ለአሮጌ ዓይን ከዚህ የሚሻል የለም፤ ለእናቴም ዛሬ ያደረግሁላቸው 150 በመቶ ነው።

በማግሥቱ ማለዳ ልጄ አያቷን በእጅ ይዛ ከስክሪኑ ፊት አስቀመጠቻቸው። እናቴ መነጽራቸውን ጠርገው ጥቂት ዝም ብለው ተመለከቱ፤ ከዚያም በጣታቸው እየተከተሉ አንድ ረድፍ ቀስ ብለው አነበቡ፥ ሁለተኛውን ግን ፈጥነው አነበቡት። «ሉም አለ፥ ሊም አለ» አሉ። ከዚያም ወደ እኔ ዘወር ብለው፥ «ዳዊቴን ለደብሩ ሰጠኸው እንዴ» ብለው ጠየቁኝ። አልሰጠሁትም ነበርና አምጥቼ ከጉልበታቸው ላይ አኖርሁላቸው። ይህ ሁሉ ሆኖ ወደ ዓይን ሐኪም መውሰዴን አልተውሁም፤ በዚህ ዕድሜ የዓይን ምርመራ ስክሪን ቢጠራም ባይጠራም የሚቀር ነገር አይደለምና።

ልጄን የወቀስኋት በዘመዶቻችን ፊት ስለ ነበረ፥ በሚመጣው እሑድ እነዚያኑ ዘመዶች ለምሳ ጠራሁ። ገመዱን ከገበታው ላይ አኑሬ ጥፋተኛው ይህ ነው፥ ያመጣሁትም እኔ ነኝ ብዬ ይቅርታ ጠየቅኋት። ልጂቱ አፍራ ወደ ጓዳ ገባች። ከዘመዶቻችን አንዱ ገመዱን አገላብጦ አይቶ፥ እርሱም ከዚሁ ዓይነት ገዝቶ በቤቱ እንደ ሰካ ነገረን፤ ምሳውም ሳያልቅ ልጄን ይዟት ሄደ።

ሊኑክስን ለጫናችሁ ሁሉ የግዕዝን ፊደል በኪቦርድ ስለ መጻፍና ጥርት ያለ የፊደል ቅርጽ ስለ መምረጥ በሚቀጥለው ሳምንት እጽፍላችኋለሁ።